አንድ ትርፍ ክፍል፣ ሚስማር የማይወዱ አከራይ እና እንጉዳይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረሙ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ ተከራይተን፣ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ናት። አንዷ ክፍል ትርፍ ስለሆነች ያለፈው ዓመት የገና ጾም ሊገባ ሲል እንጉዳይ ጀመርን፣ ዘሩን ገዝተን በስንዴ ጭድ። ሃያ ከረጢት ክፍሏ ውስጥ ደርድረን ጠዋት ማታ ውሃ ብንረጭ አየሩ ደረቅ ሆኖ ብቅ ያለው ሁሉ ወዲያው እየደረቀ አስቸገረን። ከዛ ባለቤቴ ኮርኒሱ ላይ በሚስማር ላስቲክ ወጠረና ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ድፍን አድርጎ ዘጋው። አሁን በቀለ፣ ግን እግሩ ብቻ ረዝሞ ራሱ የሚስማር ጭንቅላት አክሎ ቀረ። ይባስ ብሎ ኮርኒሱ ጠቆረ ግድግዳውም ሻገተ፣ አከራያችን እትዬ መጥተው ሲያዩ «ቤቴን ልታፈርሱብኝ ነው እንዴ» አሉን፣ እውነታቸውን ነው አልፈርድባቸውም። አሁን ያሉን፣ ግድግዳም ጣሪያም የማይነካ ስትለቁም ነቅላችሁ የምትሄዱት ነገር ከሆነ ሥሩ ነው። ክፍሉ 3 በ3 ተኩል ነው፣ አንድ መስኮት አለው። እንዴት አድርገን እንሥራው? የስድስት ዓመት ልጃችን ደግሞ አልፎ አልፎ አስም ይነሳበታል፣ እሱም ያሳስበኛል።
ት. ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ ከመጨረሻው ልነሳ፣ ከልጁ። በጭድ የሚበቅለው፣ ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ሲደርስ ከራሱ ስር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ይበትናል፣ መራቢያው ነው፣ ከሌላው እንጉዳይ ሁሉ ደግሞ እሱ ይብሳል። መልቀም ካለብሽ ቀን አንድ ቀን ካሳለፍሽው ጠዋት መደርደሪያው ላይ ነጭ አቧራ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ይሄን አቧራ ቀን ከቀን የሚተነፍስ ሰው ጤነኛም ቢሆን ሳንባው ይቆጣል፣ እንጉዳይ እርሻ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን የሚይዝ ሳልና ትኩሳት ያለው የሳንባ ሕመም በሕክምናው የታወቀ ነው። አስም ያለበት ልጅ ከተጨመረበት እኔ በበኩሌ ልጁ ከሚተኛበት ጣሪያ ስር ባታደርጉት ነው የምመርጠው። ሐኪሙን ጠይቂው፣ ግን እስከዛው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ወይ ከኋላ የተሸፈነ በረንዳ ካለ እዛ ይሁን። ደግነቱ አሁን የምነግርሽ ነገር ተፈትቶ የሚገጠም ስለሆነ ክፍል ውስጥም በረንዳ ላይም ያው ነው፣ የሚለየው የአየር መውጫው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላስቲኩ። ባለቤትሽ የሠራው ስህተት እኔም የሠራሁት ነው፣ እንጉዳይ የሚያበቅል ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጊዜ ይሠራዋል። እርጥበት አነሰ ተባለ፣ ስለዚህ ታሸገ፣ አበቃ። እንጉዳይ ግን ተክል አይደለም፣ እንደኛ ኦክስጅን ስቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚያወጣው፣ ሃያ ከረጢት በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ማለት ሃያ ሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዘግቶ እንደመሄድ ነው። ሲታፈን እግሩን እያስረዘመ አየር ፍለጋ ይወጣል፣ ራሱ አይዘረጋም። አንቺ የሚስማር ጭንቅላት ያልሽው ያ ነው፣ የዘሩም የጭዱም ጥፋት አይደለም። ጥሩ ራስ እንዲያወጣ እርጥበቱ ከ85 እስከ 95 በመቶ መሆን አለበት፣ አየሩ ደግሞ በሰዓት ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ሥራው ሁሉ እነሱን ማስታረቅ ነው። ኮርኒሱ የጠቆረው ደግሞ ላስቲኩ ቤቱ ላይ ስለተሰካና እንፋሎቱ በየቀዳዳው እየወጣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ስላረፈ ነው። ስለዚህ አዲሱን ነገር እንደ ቁም ሳጥን አስቢው፣ በራሱ እግር የሚቆም፣ ከግድግዳ ቢያንስ 20 ሴንቲ የራቀ፣ የራሱ ወለል ያለው፣ የሚተነፍሰውም ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ውጪ።

ፍሬሙን በ4 በ5 ሴንቲ ሞራሌ ሥሩት። አጣና ይረክሳል አውቃለሁ፣ ግን እርጥበት ውስጥ ይጣመማል፣ ቅርፊቱ ስር ደግሞ ሻጋታ ይይዛል፣ ቱቦላሬ ብረትም ይሆናል ብየዳና አንቲረስት ካላሰለቸሽ። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ገደማ ይሁን። እና እባክሽ አንድ ላይ ጠርቃችሁ እንዳታቆሙት። እኔ የመጀመሪያዬን ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ በሚስማር ጥርቅ አድርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን በሩ ጋ ስንደርስ አልገባም አለ፣ በቁሙም በጎኑም ሞከርነው፣ በመጨረሻ ያ ሁሉ ልፋት በመጋዝ ተቆረጠ። አሁን የምሠራው አምስት ጠፍጣፋ ፍሬም ነው፣ እንደ መስኮት ቋሚ፣ ሁለት ረጃጅም ጎን፣ ሁለት አጫጭር ጎን፣ አንድ ጣሪያ። እያንዳንዱ ለብቻው በበር ይገባል፣ ክፍል ውስጥ በብሎን ይገጠማል።

አቆራረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እንጨት ቤት ስትሄጂ ይጠቅምሻል። ሞራሌ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሜትር ሆኖ ነው የሚሸጠው። አራቱን እያንዳንዳቸውን 1.80 እና 2.00 አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ይሄ የሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ቋሚና አግዳሚ ጨረሰ። ሁለቱን መሀል ለመሀል 1.80፣ 1.80 ቁረጡ፣ የአጫጭሮቹ ጎኖች ቋሚ ነው። ሦስቱን ከያንዳንዱ ሦስት ሦስት 1.20 አውጡ፣ ዘጠኝ ይሆናል፣ ሰባቱ ነው የሚያስፈልገው፣ አራቱ ለአጫጭሮቹ ጎኖች አግዳሚ፣ ሦስቱ ለጣሪያው። አንዱን ለሁለት፣ ለጣሪያው ረጃጅም ጎን። አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ግዢ፣ ሁልጊዜ አንዱ ጠማማ ይወጣል፣ እንጨት ቤት ውስጥ እያንዳንዱን ዓይንሽ ጋ አድርገሽ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ እዪው፣ ልጆቹ ይስቁብሽ። ቋሚው 1.80 ሲሆን ከላይና ከታች አግዳሚው ውፍረት ሲጨመርበት ነው ወደ 1.90 የሚጠጋው። ፍሬሞቹን በቪቴ እሰሩ እንጂ በሚስማር አይሁን፣ ከመጥበቁ በፊት ደግሞ በትራፓኖ ቀድማችሁ ብሱት አለበለዚያ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል።

ፍሬም ከፍሬም የሚያያዝበት ማዕዘን ላይ ሦስት ሦስት ብሎን፣ ባለ 8 ሚሊ፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲ፣ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርጉበት፣ ካልሆነ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አራት ማዕዘን፣ አሥራ ሁለት ብሎን። ቤት የምትለቁ ቀን በአንድ 13 ቁልፍ ሃያ ደቂቃ ነው። ፍሬሞቹን ከመፍታታችሁ በፊት ማዕዘኖቹን በማርከር 1 ለ1፣ 2 ለ2 ብላችሁ ምልክት አድርጉ፣ የተበሳው ቀዳዳ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው አይገጥምም፣ ይሄን ሳላደርግ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶኛል። እንጨቱ ከመገጠሙ በፊት ሁለት እጅ ዘይት ቀለም ይጠጣ፣ በተለይ የተቆረጠው ጫፍ፣ ውሃ የሚገባው በዛ ነው።

ላስቲኩ ተራው ቀጭን አይሁን፣ ለግሪንሃውስ የሚሸጠው 200 ማይክሮን ጥሩ ነው። በስቴፕለር ስትመቱት እንዳይቀደድ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ እንደ ሪባን ቀጭን ቀጭን ቆርጣችሁ ላስቲኩ ላይ ደርባችሁ በሱ ላይ ምቱ፣ ጎሚስታ ጋ ከሄድሽ የተጣለ አይጠፋም። የፊቱ ትልቅ ጎን ላይ በር አትሥሩ፣ ማጠፊያ ምናምን ጣጣ ነው፣ ላስቲኩን ከላይ ብቻ አስራችሁ ከታች ዘንግ ጠቅልሉበትና እንደ ሱቅ መጋረጃ ወደ ላይ ይጠቀለል። ጣሪያውን ከኋላ በኩል አንድ 15 ሴንቲ ከፍ አድርጉት፣ ጤዛው ወደ ፊት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ዝርግ ከሆነ እንጉዳዩ ራስ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ቢጫ ነጠብጣብ ያመጣበታል። የወለሉን ላስቲክ ደግሞ ጠርዙን በአራቱም በኩል 10 ሴንቲ ወደ ላይ አጥፋችሁ ፍሬሙ ላይ ምቱት፣ ትሪ ሆነ ማለት ነው፣ የፈሰሰው ሁሉ እዛው ይጠራቀምና በጨርቅ ይወጣል፣ እትዬ ወለላቸው ላይ አንድ ጠብታ አያዩም።

ከረጢቶቹን ከፍሬሙ ላይ አታንጠልጥሉ። አንድ እርጥብ ከረጢት 3 ኪሎ ቢሆን አሥራ ስምንቱ 54 ኪሎ ነው፣ ሁልጊዜ የረጠበ እንጨት ደግሞ ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ የኔ በሦስተኛው ሳምንት እንደ በቅሎ ጀርባ ገብቶ ነበር። ፍሬሙ ላስቲኩን ብቻ ይሸከም። ውስጡ በራሱ እግር የቆመ ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ፣ ከኋላ አስጠግታችሁ አቁሙ፣ በየደርቡ ስድስት ከረጢት፣ ፊት ለፊት አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ይተርፋል። ሃያውን ከረጢት ለማስገባት አትጣሪ፣ ሁለቱ ይቅሩ።

አየሩ፣ ዋናው። የምንሠራው ሳጥን ውስጡ 4 ተኩል ሜትር ኩብ ነው። የኮምፒውተር ፋን፣ ያቺ 12 ሴንቲ የሆነችው፣ በ12 ቮልት የምትሠራ፣ በየሰዓቱ 15 ወይ 20 ደቂቃ ብትዞር ይበቃዋል፣ ከአሮጌ ራውተር የተረፈ 12 ቮልት አዳፕተር ካለ በሱ ከታይመር ጋር። ፋኗ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጪ ትሳብ፣ ምክንያቱም ያ ያልኩሽ አቧራ ወደ ክፍሉ ሳይሆን በቱቦው ይወጣል። ከጎኑ ላይኛው ጥግ 110 ሚሊ የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ አውጥታችሁ ወደ መስኮቱ ውሰዱት። መስኮቱ ጋ አንዷን መስታወት ስቱኮዋን አንስታችሁ አውጡና በልኳ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ አስገቡ፣ ቀዳዳው እሱ ላይ ይበሳ። መስታወቷን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለእትዬ አሳይታችሁ አስቀምጡ፣ ስትለቁ ትመለሳለች። የቱቦው ጫፍ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳያይ ብቻ። የአየር መግቢያው በተቃራኒው ጎን ከታች ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይሁን፣ ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ ወጥሩበት፣ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች አሉ የእንጉዳይ ሽታ ከሩቅ የሚጠራቸው፣ አንዴ ከገቡ ጭዱ ውስጥ ይፈለፍላሉ።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል ትይኛለሽ። ፋኗ የምትበላው ትንሽ ስለሆነ 7 አምፒር-ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ ያለማቋረጥ እንኳን ብታዞራት አንድ ቀን ገደማ ትቆያለች፣ ባትሪ ከሌለሽ መጋረጃውን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገሽ ተይው።

እርጥበት ለመስጠት ያቺን ጭጋግ የምታወጣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ውሃችሁ የጉድጓድ ከሆነ ማዕድኑ በጭጋጉ አብሮ ወጥቶ ሁሉም ነገር ላይ ነጭ ዱቄት ያለብሳል። የቃጫ ጆንያ በውሃ ነክረሽ ከውስጥ በኩል ከአየር መግቢያው ፊት አንጠልጥዪው፣ የሚገባው አየር በሱ ውስጥ አልፎ ረጥቦ ይገባል፣ ከዛ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በመርጫ ግድግዳውንና ወለሉን ርጪ። እንጉዳዩን ራሱን አታጥቢው። በጥቅምትና በጥር መሀል አየሩ ሲደርቅ ጆንያውን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መንከር ይኖርብሻል፣ ክረምት ላይ ጭራሽ ላያስፈልግሽ ይችላል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና ከጆንያው ራቅ አድርገሽ ስቀያት።

ለብርሃን አንድ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 12 ሰዓት፣ ጋዜጣ የሚያስነብብ ከሆነ በቂ ነው፣ ከላስቲኩ ውጪ ትንጠልጠል፣ ብርሃኑ ያልፋል እርጥበቱ ግን አይነካትም። ሶኬትም ዲቫይደርም በምንም ዓይነት ውስጥ አይግባ፣ ወለል ላይም አይቀመጥ። የፋኗ ገመድ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ ይግባ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እዛው ይንጠባጠባል።

ብርዱ የሱሉልታ ነገር ነው። ኦይስተር በ15 እና በ22 ዲግሪ መሀል ደስ ብሎት ይበቅላል፣ ሌሊት ወደ 10 ቢወርድ አይሞትም፣ ይዘገያል እንጂ። ማታ ጣሪያና ጎኑ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ሳትሸፍኑ። ከሰል ግን እንዳታስገቡ!! ብዙ ሰው «ትንሽ ከሰል ባጭስበትስ» ብሎ ይጠይቀኛል። የከሰል ጭስ የማይሸት መርዝ አለው፣ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል፣ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ የቀረበት ነው፣ ለእንጉዳይ ተብሎ አይሞከርም።

ስትለቅሚ ደግሞ የራሱ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ልቀሚ፣ ተዘርግቶ ወደ ላይ መታጠፍ ከጀመረ አቧራውን መበተን ጀምሯል። ማስክ አድርጊ፣ ልጁ አይግባ፣ ልብስሽን ቀይረሽ ውጪ። የሻገተውን የክፍሉን ግድግዳ አዲሱን ከማቆማችሁ በፊት በበረኪና እጠቡት፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ለእትዬም ኮርኒሱን ቀለም ቀቡላቸው። ያኔ ነው ስለ አዲሱ ማውራት የሚያምረው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለእንጉዳይ ብዬ ጭዱን ሁለት ሰዓት ሙሉ በበርሜል ቀቅዬ፣ ምርቱ እንዲበዛ ፉርሽካ ጨምሬበት ነበር፣ በአሥር ቀኑ ከከረጢቶቹ ግማሹ አረንጓዴ ሻጋታ ሆነ። ዘሩ ነው ችግሩ?
ከቡራዩ

መልስ፦ ፉርሽካው ነው ወንድሜ። ባዶ ጭድ ደሀ ምግብ ስለሆነ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ለኦይስተር በቂ ነው። ፉርሽካ ስትጨምርበት ግን ለሻጋታም ድግስ ደገስክ ማለት ነው፣ ያንን ለማጽዳት 121 ዲግሪ በግፊት ያስፈልጋል፣ እዚህ በኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ በርሜሉን እስከ ማታ ብታንደቀድቀው ከዛ አያልፍም። ፉርሽካውን ለዶሮዎቹ ስጥ። ጭዱን ስታወጣ ደግሞ አንድ እፍኝ ጨምቀህ እይ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ውሃው በእጅህ ላይ ከወረደ ገና ይንጠፍጠፍ። በእጅህ ሳያቃጥልህ ቀዝቅዞ ነው ዘር የሚገባው። አረንጓዴ የሆኑትን እዛው ክፍል ውስጥ እንዳትከፍታቸው፣ እንዳሉ አውጥተህ ራቅ አድርገህ ቅበራቸው።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መኝታ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ የላስቲክ ፍሬም ሠርቼ በአምፖል የሰላጣና የቃሪያ ችግኝ ላፈላ አስቤያለሁ። ያዋጣል?
ተከራይ ነኝ

መልስ፦ በረንዳ የለህም እንዴ? ችግኝ እንደ እንጉዳይ አይደለም፣ ብርሃን ነው የሚበላው፣ ጋዜጣ የሚያስነብብ አምፖል አይበቃውም፣ ቀጥኖ ይወድቃል። የምትኖርበት አገር ፀሐይ በነፃ ትሰጥሃለች፣ ለምን ለቆጣሪ ትከፍላለህ። አራት የሞራሌ እግር ያለው የጉልበት ቁመት የሚያህል ሳጥን ሠርተህ፣ ላስቲክ ክዳን አድርገህ በረንዳው ላይ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው፣ ቀን ክዳኑን ከፍተህ ማታ ዝጋው። ሰላጣው በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፣ ቃሪያው ብርድ ስለማይወድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቅህ ይችላል። ከላይኛው ፎቅ የአጠባ ውሃ የሚወርድብህ ከሆነ ክዳኑን ወደ ውጪ ዘንበል አድርገው፣ ግን ታች ያለውን ጎረቤትህን አስቀድመህ ንገረው።